እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚመጣው ውኃ



እሳትና ጎርፍ በእኛ አገር በተለያየ ወር ይመጣሉ፤ የሚከታተላቸውም ሰው የተለያየ ነው። እሳቱ በጋው ሲጠና፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይነሣል። ያን ጊዜ የሚሯሯጠው የጫካ ጥበቃው፣ ቅጠል ይዞ የሚወጣው ወጣትና የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ጎርፉ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። ያን ጊዜ ደግሞ ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሌላ ሪፖርት ይጻፋል። በመካከል ያሉት ሁለት ሦስት ወራት ባለቤት የላቸውም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለነዚያ ባለቤት ስለሌላቸው ወራት ልነግራችሁ ነው። በመጋቢት የተቃጠለ ተራራ በሐምሌ ምን ይዞ እንደሚወርድ ካወቅን፣ በሚያዝያና በግንቦት እጃችንን አጣጥፈን የምንቀመጥበት ምክንያት አይኖረንም።

መጀመሪያ ያለንበትን መሬት እንየው። ከዚህ ከመካነ ሰላም ከተማ ወደ ምዕራብ ቢሄዱ መሬቱ እየተሰበረ፣ እየተቆረጠ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ወደ ላይ ቢወጡ ደግሞ ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል የነበረው፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ደጋ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ግድም ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ግድም ይደርሳል። ከታች ወይራውና ጽዱ፣ ከፍ ሲል ኮሶው፣ ከዚያ በላይ አስታው፣ ከአስታው በላይ ጓሳውና ጅብራው ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም የሚኖሩበት፣ በወሎ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ሽፋኖች አንዱ ነው። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ውኃ በየሸለቆው ተሰብስቦ ዓባይ ይገባል። በአንድ ቀን የእግር መንገድ ውስጥ ከውርጭ አገር ወደ ቆላ የሚያወርድ መሬት ላይ ነን፤ ውኃው ግን እንደኛ ቀን ሙሉ አይፈጅበትም።

እንዲህ ባለ ደጋ ላይ የተነሣ እሳት እንዴት እንደሚከብድ የታየው በሰሜን ተራሮች ነው። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት 19 የተነሣው ቃጠሎ አንድ ጊዜ ጠፋ ሲባል እንደገና አገርሽቶ እስከ ሚያዝያ ዘለቀ። ኬንያ ሄሊኮፕተር ላከች፤ እስራኤል አሥር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ላከች። ወደ 1,000 ሄክታር የሚጠጋ ጓሳና አስታ ተቃጠለ። ከዚያ በፊት፣ በ1992 ዓ.ም. በባሌና በደቡቡ ቦረና የተነሣው ደግሞ ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር። ያ ቦረና ከእኛው ከወሎው ቦረና ጋር የሚገናኘው በስም ብቻ ነው። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ሲነድ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። የመጨረሻውን ሥራ የሠራው ግን የበልግ ዝናብ ነው። እኛም ዝናቡ ሲጥል እፎይ አልን፣ አመሰገንን። ማመስገኑ ተገቢ ነው። ሆኖም እሳቱን ያጠፋልን ያ ዝናብ በተራቆተው ተራራ ላይ የወረደው የመጀመሪያው ውኃ መሆኑን ያስተዋለ ብዙ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ተራራ ሳይቃጠል ዝናብን የሚቀበለው ደረጃ በደረጃ ነው። ጠብታው መጀመሪያ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ያርፋል፤ ከፊሉ እዚያው ደርቆ ይቀራል። የቀረው ጉልበቱ ተሰብሮ ወደ ታች ይንጠባጠብና የረገፈ ቅጠልና ብስባሽ ላይ ይወድቃል። በአስታ ጫካ ውስጥ የተራመደ ሰው እግሩ እንዴት ስምጥ እንደሚል ያውቃል፤ ያ ልባስ ውኃውን ይጠጣዋል፣ ቀስ አድርጎም ለአፈሩ ያቀብለዋል። አፈሩ በሥር፣ በትልና በጉንዳን የተቦረቦረ ስለሆነ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ከወራት በኋላ፣ እናንተ በጥር ማድጋ ይዛችሁ የምትወርዱበት ምንጭ ሆኖ ከታች ብቅ ይላል።

እሳት እነዚህን ደረጃዎች በአንድ ቀን ያነሣቸዋል። ቅጠሉ ሄደ፤ ብስባሹ ሄደ፤ ጠብታው ከሰማይ እንደወረደ ባዶ አፈር ላይ ያርፋል። አፈሩን ይመታዋል፣ ይበትነዋል፤ የተበተነው ደቃቅ አፈርና አመዱ ተደባልቀው የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍኑታል። ውኃው መግቢያ ሲያጣ በላዩ ይሮጣል። በፊት በየጉቶውና በየግንዱ ይሰናከል የነበረው አሁን የሚያስቆመው የለም። ይህ ሁሉ ለማንም ግልጽ ነው፤ የማይታየው ከዚህ የባሰ ነው።

እንደ አስታ ያለ ቁጥቋጦ ቅጠሉ ቅባትና ሰም አለበት፤ እርጥብ ሆኖ እንኳ ቦግ ብሎ የሚነደው ለዚህ ነው። ሲቃጠል ቅባቱ ይተንናል። ከፊሉ ከጭሱ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከፊሉ ወደ አፈሩ ውስጥ ይወርዳል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከገባ በኋላ አፈሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያው ይረጋና እያንዳንዷን የአፈር ቅንጣት ይለብጣታል። ምጣድ በጎመን ዘር ሲታሰስ ሊጡ እንደማይዘው፣ ያ አፈርም ውኃ አይዘውም። ሳይንቲስቶች ይህን በደንብ አጥንተውታል፤ የአፈሩ ሙቀት ከ175 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይህ ልባጭ ይጠናከራል፤ ሙቀቱ እጅግ ከፍ ብሎ 300ን እያለፈ ሲሄድ ግን ራሱ ቅባቱ ይቃጠልና ይጠፋል። ስለዚህ በጣም በጋለው ቦታ ላይኛው አፈር ውኃ ሲቀበል ታዩና ትታለላላችሁ፤ ውኃ የሚገፋው ንጣፍ ከሥሩ ተኝቷል።

ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ወደ ተቃጠለ ቦታ ውጡ፤ አመዱን በእጃችሁ ጥረጉት። ከላይ ባለው አፈር ላይ በፕላስቲክ ክዳን አንድ ጠብታ ውኃ ጣል አድርጉና ቁጠሩ። ከዚያ አንድ ጣት ያህል ፈቅ አድርጋችሁ ቆፍሩና እንደገና ጣሉ፤ ሁለት ጣት፣ ሦስት ጣት እያላችሁ ቀጥሉ። ጤነኛ አፈር ጠብታዋን ወዲያው ይውጣታል። ከ5 ሰኮንድ በላይ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ብላ ከቆመች ያ አፈር ውኃ መግፋት ጀምሯል ማለት ነው። አንዳንድ ቦታ ደቂቃዎች ትቆማለች። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ያልተቃጠለ የአስታ አፈርም በበጋ ክው ብሎ ሲደርቅ ትንሽ ውኃ ይገፋል። ስለዚህ ያልተቃጠለውን ጎን ለጎን ሳትለኩ አትፍረዱ።

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ፤ ተማሪዎች አሉና። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ የሚጥል አንድ ከባድ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ ሄክታር ላይ 300 ሺህ ሊትር ወረደ ማለት ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ሺህ። የተቃጠለው ተዳፋት 100 ሄክታር ነው እንበል። ተራራው ደኅና በነበረበት ጊዜ ከዚህ ውኃ አንድ አሥረኛው ብቻ በላዩ ይፈስ ከነበረና ከቃጠሎው በኋላ ግማሹ የሚፈስ ከሆነ፣ 3,000 ሜትር ኩብ የነበረው ጎርፍ 15,000 ሜትር ኩብ ሆነ። ዝናቡ አልጨመረም፤ ሰማዩ ያው የአምናው ሰማይ ነው። ደግሞም ውኃው በመጠን መብዛቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ በአንድ ጊዜ መድረሱም ነው። የሚያዘገየው ስለሌለ ከየአቅጣጫው የመጣው ሁሉ ሸለቆው ውስጥ በአንድ ሰዓት ይገናኛል። የውኃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሊያንከባልለው የሚችለው ድንጋይ ክብደት በግርድፉ 64 እጥፍ ይሆናል። ወንዝ ዳር የኖረ ሰው «ዘንድሮ ይህን የሚያህል ቋጥኝ ከየት አመጣው?» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንንም ጎርፍ ከተጨመረው አመድና አፈር ጋር አስቡት፤ የሚወርደው ነገር ውኃ መባሉ ይቀርና የጭቃና የድንጋይ ናዳ ይሆናል።

በሌላ አገር የሆነውን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የጊዜው ቅደም ተከተል ከእኛ ጋር ስለሚመሳሰል መረጥሁት። በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት፣ ቡፋሎ ክሪክ የሚባል ተራራማ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በግንቦት ወር ወደ 4,800 ሄክታር የሚጠጋ ደን ተቃጠለ። እሳቱ ጠፋ፤ ሰው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 5 ቀን፣ በዚያው በተቃጠለው ተራራ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ ሁለት ሰው ገደለ፤ መንገዱንና የመንደሩን የውኃ መስመር ጠራረገ፤ የዴንቨር ከተማ የምትጠጣበት የስትሮንሺያ ስፕሪንግስ ግድብ ብዙ ደለልና የተቃጠለ ግንድ ገባበት። ከተማዋ ያን ደለል ለማስወጣት ከዚያ በኋላ ለዓመታት ብዙ ገንዘብ አውጥታለች። ግንቦት ተቃጠለ፣ ሐምሌ ጎረፈ፤ የእኛም ቀን መቁጠሪያ ይኸው ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ጊዜው ከዚህም አጠረ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታኅሣሥ የተነሣው እሳት ገና ሙሉ በሙሉ ጠፋ ሳይባል፣ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1 ቀን ሌሊት የጣለ ከባድ ዝናብ ሞንቴሲቶ በምትባል ሀብታም ከተማ ላይ የጭቃ ናዳ አወረደ፤ 23 ሰው አለቀ። ከባዱ ዝናብ የቆየው ለሩብ ሰዓት ያህል ነበር። ገንዘብ፣ ሳተላይትና ሄሊኮፕተር ያለው አገር እንዲህ ከሆነ፣ እኛ በሩብ ሰዓት ማንን ማስጠንቀቅ እንችላለን?

ወደ አገራችን ልመለስ። ተራራ ሲራቆት ታች ያለ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ሌሊት አሳይታናለች፤ የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ያ ጎርፍ ከቃጠሎ የመጣ አልነበረም፤ ከላይ ያለው ተፋሰስ ለዘመናት ተራቁቶ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ምንጣሮ በሠላሳና በአርባ ዓመት የሚሠራውን መራቆት እሳት በአንድ ሳምንት ይሠራዋል።

ስለ መራቆት ስናገር ከደሴ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውን ማይባርን ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በ1981 እ.ኤ.አ. እዚያ የተቋቋመው የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ በአገሪቱ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነበር። ዝናቡን፣ የወንዙን ውኃና የሚታጠበውን አፈር በየዕለቱ የለኩት ከአካባቢው የተቀጠሩ ሰዎች ናቸው። ከዚህና ከሌሎቹ ጣቢያዎች በተገኘ ልኬት ተመርኩዞ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ ግምት አወጣ። በዓመት ከአንድ ሄክታር ደን የሚታጠበው አፈር 1 ቶን ያህል ነው፤ ከግጦሽ መሬትና ከቁጥቋጦ 5 ቶን፤ ከእርሻ 42 ቶን፤ ምርት መስጠት ካቆመ ከተራቆተ መሬት ደግሞ 70 ቶን። በየጣቢያው ደጋግሞ የታየ ሌላም ነገር አለ፦ የዓመቱን ኪሳራ አብዛኛውን የሚያደርሱት ጥቂት ከባድ ዝናቦች ናቸው፤ ያውም መሬቱ ገና ባልለበሰበት በክረምቱ መግቢያ። የተቃጠለ ተዳፋት በሰኔ መጨረሻ የሚገኘው ልክ በዚያ ሁኔታ ላይ ነው። ከ1 እና ከ5 ቶኑ መዝገብ ወጥቶ ወደ ተራቆተው መሬት መዝገብ ወርዷል።

ሁሉም ቃጠሎ ግን እኩል አይደለም፤ ይህን ሳልናገር ብቀር ሰውን በከንቱ ማስፈራራት ይሆንብኛል። የጓሳ ሣር እሳት ፈጣን ነው፤ ነፋስ ይዞት ያልፋል፤ አፈሩን በጥልቀት አያግለውም፤ ሥሩም ከመሬት በታች በሕይወት ይኖራል፤ ዝናብ ሲያገኝ በሳምንታት ውስጥ ያቆጠቁጣል። የአስታ ጥቅጥቅ ጫካ ሲቃጠል ግን ሙቀቱ ይቆያል፤ ብስባሹም እሳቱ ጠፋ ከተባለ በኋላ ከውስጥ እየተጨሰ ለቀናት ሊከርም ይችላል። ደግሞም አስታ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። እረኛው ለከብቱ ለጋ ሣር ፍለጋ፣ ማር ቆራጩ በጭስ ምክንያት እሳት የሚለቁበት ደጋ ከእሳት ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ተፈጥሮም ለዚህ መልስ አላት። መልሷ ግን ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋል። አደጋው የመጀመሪያው ክረምት ነው፤ ሁለተኛውም ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ባሕር ዛፍ አንድ ቃል ጣልቃ ላስገባ። አንዳንዱ ሰው ስለ ወሎ ሲያወራ ትናንት ሁሉ ደን ነበር፣ ዛሬ ሁሉ ምድረ በዳ ነው ይላል። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ምሁር በጣሊያን ጊዜ የተነሡ ፎቶግራፎችን ከ60 ዓመት በኋላ ከየቦታው ጋር አስተያይቶ በብዙ ቦታ ዛፉ እንዲያውም መጨመሩን አሳይቷል። የጨመረው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ገበሬውን ጠቅሞታል፤ ቤት ሠርቶበታል፣ ልጅ አስተምሮበታል። ከጎርፍ አንጻር ግን ባሕር ዛፍን ከአስታና ከወይራ እኩል አልቆጥረውም። ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅል፤ ቅጠሉ ዘይታም ነው፤ አፈሩም ሳይቃጠል ውኃ እንደሚገፋ በፖርቱጋልና በሌላም አገር ተለክቷል። ከላይ ሲያዩት ለምለም፣ ከሥሩ ሲረግጡት ደረቅ ነው። ገደላማ ቦታ ላይ ያለ የባሕር ዛፍ ደን ከተቃጠለ ከታች ያለው መንደር ከማንም ይልቅ መጠንቀቅ አለበት።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የተፋሰስ ዘመቻው በጥርና በየካቲት ነው። ሕዝቡ ወጥቶ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክትራል፣ ዘመቻው ይዘጋል። እሳቱ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የተቃጠለ ቦታ ካለ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መግቢያ ጥቂት ቀን ለብቻው ሊመደብለት ይገባል። በሌላ አገር ከሁሉ የተሻለው መፍትሔ የተቃጠለውን መሬት በገለባ መሸፈን ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ዘንድ ገለባ የከብት ቀለብ ነው፤ በሚያዝያ ገለባህን ተራራ ላይ በትነው ብዬ ለገበሬ የምመክር ሰው አይደለሁም። ያለን ነገር ራሱ የተቃጠለው አስታ ነው። ከስሎ የቆመውን ግንድና ቅርንጫፍ ለማገዶ አውርዶ ከመሸጥ ይልቅ ቆርጦ ከተዳፋቱ አግድም፣ መሬቱን አስነክቶ ማጋደም ውኃውን በየደረጃው ያሰናክለዋል፣ አፈርም ይይዛል። ጉቶው ግን አይነቀል፤ የሚያቆጠቁጠው እሱ ነውና። ከብትም ቢያንስ ሁለት ክረምት ከዚያ ይከልከል። ለጋው ሣር ሲወጣ እረኛን መከልከል ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቀበሌው ለነዚያ ከብቶች ሌላ ግጦሽ ካላዘጋጀ ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ችግኝ መትከልን በተመለከተ ቅር የሚለው ሰው ቢኖርም እናገራለሁ። በተቃጠለ ተራራ ላይ በሐምሌ የተተከለ የአንድ ስንዝር ችግኝ የዚያን የሐምሌ ጎርፍ አያቆምም። ፎቶግራፍ ያምርበታል፤ ጎርፉ ግን ከነፕላስቲኩ ይዞት ይወርዳል። አስታው ራሱ እንዲያገግም ጊዜ መስጠት ይቀድማል። በችኮላ በሸለቆው አፍ የተካበ የድንጋይ ክትርም እንዲሁ ነው። ያ የጭቃ ናዳ ከመጣበት ፈርሶ የያዘውን ድንጋይ በጎርፉ ላይ ይጨምርበታል። ክትር መሥራት ካለብን ከላይ፣ ቦዩ ገና ቀጭን በሆነበት ይጀመር።

ከታች ደግሞ፣ የመንገድ ሥር ቱቦዎች በግንቦት ይጠረጉ። በአንድ ግንድ የተደፈነ ቱቦ መንገዱን ወደ ግድብነት ይለውጠዋል፤ ሲሰበር ከላይ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። የጎለበቱ ምንጮች አናት ላይ ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ፤ አመድ የገባበት ውኃ ለሰውም ለከብትም አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን ሰው ነው። በተቃጠለው ተራራ ሥር ያለው ወንዝ የሚያልፍባቸው ቤቶች፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የገበያ መሻገሪያና ትምህርት ቤት በስም ይመዝገቡ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ላይ ደመና ሲጠቁር ከተራራው አጠገብ የሚኖር አንድ ሰው ስልክ ደውሎ «ጣለ» የሚልበት፣ ከታች ያለውም ልጆቹን ከወንዝ የሚያስወጣበት ስምምነት ይኑር። ታች ፀሐይ ወጥታ እያለ ላይ የጣለው ነው የሚገድለው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ አንሁን።

ስለዚህ እዚህ ላሉት የቀበሌ አመራሮችና የግብርና ልማት ጣቢያ ሠራተኞች አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ ስለ ቃጠሎ ሪፖርት ስትጽፉ ስንት ሄክታር እንደነደደና እሳቱ በየትኛው ቀን እንደጠፋ ብቻ ጽፋችሁ አትዝጉት። ውኃው ወደ የትኛው ወንዝ እንደሚወርድ፣ በዚያ ወንዝ ዳር እነማን እንዳሉና እስከ ሰኔ ማን ምን እንደሚሠራ ጻፉበት። ሪፖርቱንም ከታች ላለው ቀበሌ በዚያው ሳምንት አድርሱለት።